በብርድ ወራት የኤሌክትሪክ መኪናን ውስጥ ባትሪ ሳያባክኑ ማሞቅ፦ የአሠራር መመሪያ

ብርዱ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ማሞቂያውን ስከፍተው የባትሪው ቁጥር ዓይኔ እያየ ይወርዳል፤ ስዘጋው ደግሞ ጣቶቼ መሪው ላይ ይደነዝዛሉ። ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ መልሱን ደረጃ በደረጃ ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል ብያለሁ። መመሪያው ሙሉ በሙሉ በባትሪ ለሚሄድ መኪና የተዘጋጀ ሲሆን፣ የአዝራሮቹ ስምና ቦታ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የራስዎን መኪና መመሪያ መጽሐፍ አጠገብዎ አድርገው ቢያነቡት ይመረጣል።

ኃይሉ የሚሄደው ወዴት ነው?

የነዳጅ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ከግማሽ የሚበልጠውን ኃይል በሙቀት መልክ ያባክናል፤ የነዳጅ መኪና ውስጡ የሚሞቀውም በዚሁ በሚባክነው ሙቀት ስለሆነ አሽከርካሪው ለሙቀቱ የሚከፍለው የተለየ ዋጋ የለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከሚቀበለው ኃይል 90 በመቶ ገደማውን ወደ እንቅስቃሴ ስለሚለውጥ፣ ለተሳፋሪ የሚተርፍ ሙቀት እምብዛም አይኖረውም። ስለዚህ ሙቀቱ መንኮራኩሩን ከሚያዞረው ባትሪ ይቀዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ሞተሩ የሚበላው በኪሎሜትር ሲሆን ማሞቂያው የሚበላው በሰዓት ነው። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ መኪና (አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት 1 ኪሎዋት የሚወስድ መሣሪያ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል ነው) ለመንቀሳቀስ ብቻ በ100 ኪሎሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል እንበል፤ ማሞቂያው ደግሞ በአማካይ 3 ኪሎዋት ይውሰድ። በሰዓት 100 ኪሎሜትር በሚነዳበት ክፍት መንገድ ላይ 100 ኪሎሜትሩ በአንድ ሰዓት ስለሚያልቅ ማሞቂያው የጨመረው 3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ መኪናው ያለ ማሞቂያ 375 ኪሎሜትር ይሄድ ከነበረ አሁን 315 ያህል ይሄዳል። በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ በሰዓት 25 ኪሎሜትር እየተጎተተ ከሆነ ግን ያው 100 ኪሎሜትር አራት ሰዓት ይወስዳል፤ ማሞቂያው 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላና የሚሄደው ርቀት ወደ 214 ኪሎሜትር ይወርዳል። «ረጅም መንገድ ስሄድ ምንም አይለኝ፣ ከተማ ውስጥ ግን ባትሪዬ ይጠፋል» የሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው ይኸው ነው፤ መኪናቸው አልተበላሸም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመኪናው መመሪያ መጽሐፍና በስልክ ላይ የሚጫነው የመኪናው መተግበሪያ
- መኪናው ሌሊቱን ተሰክቶ የሚያድርበት ቻርጀር፣ ወይም በባለሙያ የተዘረጋና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የደህንነት ሽቦ) ያለው ሶኬት
- የፊት መስታወት መሸፈኛ
- የፕላስቲክ የበረዶ መፋቂያና ለስላሳ ብሩሽ
- ጠርዙ ከፍ ያለ የላስቲክ ምንጣፍ
- ውሃ የሚመጥ ንጹሕ ጨርቅ፣ ቢቻል ሁለት
- ብርድ ልብስ፣ ስስ ጓንትና ወፍራም ካልሲ
- የተሳፋሪ ክፍሉ የአየር ፊልትሮ፣ ያለው ከቆሸሸ

ደረጃ 1፦ መኪናዎ በምን እንደሚሞቅ ይለዩ

የማሞቂያው ዓይነት ሁለት ነው። አንደኛው እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ኃይሉን በቀጥታ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ነው፤ 1 ኪሎዋት ወስዶ 1 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል፣ ከዚያ ሊበልጥ አይችልም። ሁለተኛው ሂት ፓምፕ የሚባለው ሲሆን፣ ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀት ቀድቶ በጀርባው እንደሚያወጣ ሁሉ እርሱም ከውጭው አየር ሙቀት ቀድቶ ወደ ውስጥ ያስገባል። የውጭው አየር በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 2 ወይም 3 ኪሎዋት ሙቀት ሊያስገባ ይችላል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 15 እና 20 ዲግሪ ሲደርስ ግን ብልጫው እየጠበበ ይሄዳል።

ይህን ማወቁ የሚጠቅመው የሚቀጥሉትን ደረጃዎች ምን ያህል አጥብቀው መከተል እንዳለብዎ ስለሚነግርዎ ነው። ሂት ፓምፕ የሌለው መኪና ያለው ሰው ደረጃ 3ን እና ደረጃ 5ን ፈጽሞ መዝለል የለበትም። ሂት ፓምፕ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ፤ ከመኪናው ፊት ነጭ እንፋሎት ቢወጣና የማራገቢያው ድምፅ ለጥቂት ደቂቃ ቢጨምር፣ መሣሪያው በላዩ የያዘውን አመዳይ እያቀለጠ ነው እንጂ ጭስ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሥራውን ከማታው ይጀምሩ

መኪናውን ሲያቆሙ ምንም እንኳ ባትሪው በቂ ቢሆን ገመዱን ይሰኩ። የፊት መስታወቱን በመሸፈኛ ይሸፍኑ፤ አመዳይ ያልያዘውን መስታወት ማሞቅ የያዘውን ከማቅለጥ እጅግ ያነሰ ኃይል ይጠይቃል። የጣሪያ መስታወት ያለው መኪና ከሆነ መጋረጃውን ይዝጉ፣ ምክንያቱም መስታወት ከተሸፈነው የመኪናው አካል ይልቅ ሙቀት በፍጥነት ያሳልፋል።

በላስቲክ ምንጣፉ ላይ ከጫማ የቀለጠ በረዶ ከተጠራቀመ አውጥተው ይድፉት። ይህ ተራ ጽዳት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሌሊት ያልተደፋው ውሃ ጠዋት ተንኖ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፣ ያንን ለማድረቅም ተጨማሪ የማሞቂያ ኃይል ይወጣል። የጨርቅ ምንጣፍ ያላቸው ሰዎች መስታወታቸው ለምን ሁልጊዜ እንደሚያልበው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ምንጣፉን ዳስሰው ያውቁ እንደሆነ ነው።

ደረጃ 3፦ ገመዱ ሳይነቀል ያሙቁት

ከደረጃዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ለመከተል ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይያዝ። የቀዘቀዘ መኪናን ውስጥ ማሞቅ፣ የሞቀውን እንደሞቀ ከማቆየት በየደቂቃው እጥፍና ከዚያ በላይ ኃይል ይወስዳል። ማሞቂያው ሲነሳ 5 ወይም 6 ኪሎዋት ሊጎትት ይችላል፤ ከሞቀ በኋላ ግን እንደ ብርዱ ከ1 እስከ 3 ኪሎዋት ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ከባድ ፍጆታ ግድግዳው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ከሸፈነው፣ ባትሪዎ ጉዞውን ሳይነካ ይጀምራል።

ሀ. በመተግበሪያው ወይም በመኪናው ስክሪን ላይ የመነሻ ሰዓትዎን ይሙሉ። መኪናው ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ መቼ መጀመር እንዳለበት ራሱ ይወስናል። እንዲህ ያለ አገልግሎት ከሌለው ከመነሳትዎ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀደም ብለው በስልክዎ ያስነሱት።

ለ. ሙቀቱን 20 ወይም 21 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ የፊትና የኋላ መስታወት ማሞቂያውንም ያካትቱ።

ሐ. የሚቻል ከሆነ ቻርጅ የሚያልቅበትን ሰዓት ከመነሻዎ ጋር ያቀራርቡ። ባትሪ ሲሞላ ራሱ በመጠኑ ይሞቃል፤ የሞቀ ባትሪ ኃይሉን በቀላሉ ይሰጣል፣ ፍሬን ሲይዙና ቁልቁለት ሲወርዱ የሚመለሰውንም ኃይል በደንብ ይቀበላል። ማታ በሁለት ሰዓት ሞልቶ ያደረ ባትሪ ጠዋት ቀዝቅዞ ይጠብቅዎታል።

የተሰካው በተራ የቤት ሶኬት ከሆነ አንድ ስሌት ይያዙ። 230 ቮልትና 10 አምፔር የሚሰጥ ሶኬት የሚያቀብለው 2.3 ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ፣ 5 ኪሎዋት የሚጎትተው ማሞቂያ ቀሪውን ከባትሪው ይወስዳል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ከሚፈጀው 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል 0.8 ገደማው ከሶኬቱ ይመጣል፤ የቀረው ወደ 6 ኪሎሜትር የሚያስኬድ ኃይል ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን ከጨረሰ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተሰክቶ ቢቆይ ሶኬቱ የጎደለውን ይመልስለታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የተጠቀለለ ማስረዘሚያ ገመድ ለቻርጅ አይጠቀሙ። ለረጅም ሰዓት ከፍተኛ ኃይል ሲያልፍበት ጥቅልሉ ይግልና ሊቀልጥ ወይም እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ስለማያወጣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ቢሞቅ በካርቦን ሞኖክሳይድ የመመረዝ ስጋት የለም። ነገር ግን በናፍጣ ወይም በሌላ ነዳጅ የሚሠራ ተጨማሪ ማሞቂያ የተገጠመለት ከሆነ ይህ አይሠራም፤ ያንን ዓይነት ማሞቂያ በተዘጋ ቦታ ፈጽሞ አያስነሱ።

ብዙ መኪኖች ባትሪያቸው ከተወሰነ መጠን፣ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ፣ በታች ሲወርድ ገመዱ ካልተሰካ ከርቀት የሚታዘዘውን ማሞቂያ አያስነሱም። «መተግበሪያው እምቢ አለኝ» ከማለትዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

ደረጃ 4፦ በረዶውን ከመስታወቱ ብቻ ሳይሆን ከአየር መግቢያውም ያራግፉ

ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የኮፈኑ ጫፍ ከሚያልቅበት አጠገብ፣ ውጫዊ አየር ወደ ማሞቂያው የሚገባበት ፍርግርግ አለ። በረዶ ከደፈነው ማራገቢያው የሚጮኸው በከንቱ ነው። ሂት ፓምፕ ያለው መኪና ከሆነ የፊተኛው አፍንጫ ላይ ያለውንም ይጥረጉ፣ ሙቀቱን የሚቀዳው በዚያ በኩል ከሚያልፈው አየር ነውና። ለመስታወቱ የፕላስቲክ መፋቂያ ይጠቀሙ፤ የፈላ ውሃ አይድፉበት፣ ድንገተኛው የሙቀት ለውጥ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ደረጃ 5፦ ከአየሩ በፊት ሰውነትን ያሙቁ

አንድ የወንበር ማሞቂያ እንደ መኪናው ከ50 እስከ 100 ዋት ይወስዳል፤ የመሪው ማሞቂያም ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። የሁለቱ የፊት ወንበሮችና የመሪው ድምር ከ300 ዋት አይበልጥም፤ አየሩን የሚያሞቀው ግን 3,000 ዋት ሊወስድ ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ወንበሩ ሙቀቱን በቀጥታ ለጀርባና ለጭን ስለሚያቀብል ነው፤ አየሩ ግን መጀመሪያ መስታወቱን፣ በሩንና ዳሽቦርዱን ካላሞቀ ወደ እርስዎ አይደርስም።

እንደተቀመጡ የወንበሩንና የመሪውን ማሞቂያ ከፍተኛው ላይ ያድርጉ፤ ከአምስት ወይም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደ መካከለኛ ይመልሱ። ብቻዎን ከሆኑ «ሾፌር ብቻ» የሚል አማራጭ ካለ ይጫኑት፤ የሌሎቹ መቀመጫዎች የአየር መውጫ ይዘጋል። ከኋላ ለተቀመጡት ብርድ ልብስ ያቀብሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ቀበቶ ማሰር አደገኛ ነው። ቀበቶው የሚያርፈው በጃኬቱ ውስጥ ባለው አየር ላይ ስለሆነ፣ ግጭት ሲደርስ ጃኬቱ ይሟሽሽና ቀበቶው ይላላል። በሕፃናት መቀመጫ ላይ አደጋው የባሰ ነው፤ ሕፃኑን በስስ ልብስ አስረው ብርድ ልብሱን ከቀበቶው በላይ ያልብሱት። በወንበር ማሞቂያ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ፣ የእግሩ ወይም የጀርባው ቆዳ ሙቀት በደንብ የማይሰማው ሰው ደግሞ ዝቅተኛውን መጠን ይጠቀም፤ ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላል።

ደረጃ 6፦ የአየሩን ሙቀት ዝቅ አድርገው «አውቶ» ላይ ይተዉት

ወንበሩ ከሞቀ አየሩ 18 ወይም 19 ዲግሪ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የሙቀቱ መጥፋት በውስጥና በውጭ መካከል ባለው ልዩነት መጠን ስለሚጨምር፣ እያንዳንዱ የጨመሩት ዲግሪ ለቀረው ጉዞ በሙሉ የሚከፈል ዕዳ ይሆናል። የማራገቢያውን ፍጥነት በእጅ ከመነካካት ይቆጠቡ፤ «አውቶ» የሚባለው አሠራር የሚለካው የውስጡን ሙቀት፣ የውጭውን ብርድና በብዙ መኪኖች ላይ የፀሐይዋንም ብርታት ስለሆነ እጅዎ ከሚያደርገው የተሻለ ያመዛዝናል። አየሩ ወደ እግርና ወደ ፊት መስታወት እንዲሄድ ያድርጉ፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከእግር ሥር የጀመረው ሁሉን ያዳርሳል።

ደረጃ 7፦ መስታወቱ እንዳያልበው ያድርጉ

በዚህ ደረጃ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ማድረግ አለብኝ። የውስጡን አየር ብቻ የሚያዘዋውረው አዝራር ኃይል ይቆጥባል፣ ምክንያቱም ማሞቂያው አስቀድሞ የሞቀውን አየር መልሶ ይጠቀማል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ ትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ያጣና በቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፤ አየሩም እየታመቀ ሲሄድ አሽከርካሪውን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል።

የውጭው አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ደረቅ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ0 ዲግሪ ሊሸከም የሚችለው የውሃ ተን ከ5 ግራም በታች ሲሆን፣ በ20 ዲግሪ ግን 17 ግራም ያህል ይሸከማል። ስለዚህ ከውጭ ገብቶ የሞቀ አየር እንደ ደረቀ ፎጣ ነው፤ ከመስታወቱ ላይ ያለውን እርጥበት ይመጥጣል። በመሆኑም፦

1. መስታወቱ ማላብ ከጀመረ የውስጥ ዝውውሩን ወዲያውኑ ያጥፉና የውጭ አየር ያስገቡ።
2. አየሩን ወደ ፊት መስታወት ያዙሩ፤ ሙቀቱን ለጊዜው ከፍ ያድርጉ።
3. ኤሲውን (የአየር ማቀዝቀዣውን) ያብሩ። በብርድ ኤሲ ማብራት እብደት ሊመስል ይችላል፤ ሥራው ግን እዚህ ላይ አየሩን ማድረቅ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ማሞቂያው ያሞቀዋል። ብርዱ ከዜሮ በታች ሲወርድ በብዙ መኪኖች ኤሲው ለዚህ ተግባር ላይነሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደረቁ የውጭ አየር ብቻውን ይበቃል።
4. መስታወቱ ከጠራ በኋላ ሁሉንም ወደ «አውቶ» ይመልሱ። አውቶ የሌለው መኪና ከሆነ አሥር ደቂቃ የውስጥ ዝውውር፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ የውጭ አየር እያፈራረቁ ይጠቀሙ።

መስታወቱን ከውስጥ በኩል በየሳምንቱ በንጹሕ ጨርቅ ማጽዳትም ይረዳል፣ እርጥበት በቆሸሸ መስታወት ላይ ቶሎ ይይዛልና። ከዚህ ሁሉ በኋላ መስታወቱ ማላቡን ካልተወ የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ፤ በአቧራና በቅጠል የታፈነ ፊልትሮ የአየሩን ፍሰት ያዳክማል።

ደረጃ 8፦ በረጅም ጉዞ ላይ

ፈጣን ቻርጀር ላይ ሲቆሙ ገመዱ ሳይነቀል ውስጡን ሁለት ሦስት ዲግሪ ጨምረው ያሙቁ፤ ከዚያ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቀንሰው መንዳት ይችላሉ። የሚሄዱበትን ቻርጀር በመኪናው ካርታ ላይ ከመነሻው ያስገቡት፤ በርካታ መኪኖች ወደዚያ እየሄዱ መሆኑን ካወቁ ባትሪውን አስቀድመው ያሞቁታል፣ ቀዝቃዛ ባትሪ በዝግታ ስለሚሞላ።

ደረጃ 9፦ መንገድ ተዘግቶ ከቆሙ

ብዙዎች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ይህን ነው፤ ቁጥሩ ግን ከፍርሃቱ ይሻላል። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ግማሹ ቢኖረው 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ወደ ቀጣዩ ቻርጀር የሚያደርስ 10 ኪሎዋት ሰዓት ቢያስቀሩ፣ 2 ኪሎዋት የሚወስድ ማሞቂያ ለ10 ሰዓት ይሠራል። ሙቀቱን ወደ 16 ዲግሪ አውርደው ወንበሩንና ብርድ ልብሱን ከተጠቀሙ ጊዜው ይረዝማል። አንዳንድ መኪኖች ቆመው ሲቆዩ ማሞቂያውን ራሳቸው ስለሚያጠፉ፣ እንዳይጠፋ የሚያደርገውን አማራጭ አስቀድመው ፈልገው ይወቁት። የአየር መግቢያውን በረዶ እየወጡ ይጥረጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በመኪና ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ፣ ከሰል ወይም ሻማ አያቀጣጥሉ። መኪናው ራሱ ጭስ ባያወጣም እነዚህ ያወጣሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ ሙቀቱን መጨረሻው ላይ ማድረግ። ቀዝቃዛ መኪና ውስጥ «አውቶ» አስቀድሞ በሙሉ አቅሙ ስለሚሠራ 28 ዲግሪ ማዘዙ አያፋጥነውም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር 20 ዲግሪ ላይ ማቆም ሲገባው ማለፉ ነው።

ርቀት ለመቆጠብ ማሞቂያውን ጨርሶ መዝጋት። የደነዘዘ እጅና ያላበው መስታወት ይዞ መንዳት የሚያተርፈው ጥቂት ኪሎሜትር ከአደጋው ጋር አይመጣጠንም።

ገበያ ገብቶ እስኪመለሱ ማሞቂያውን አብርቶ መተው፣ «መልሶ ማሞቁ የበለጠ ይበላል» በሚል። አይበላም፤ የጠፋ ማሞቂያ ውስጡን ሲያቀዘቅዘው የሚያመልጠው ሙቀትም እየቀነሰ ይሄዳልና ማጥፋቱ ሁልጊዜ ይቆጥባል። ለምቾት ከሆነ ግን የራስዎ ምርጫ ነው።

በ12 ቮልት መሰኪያ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ መግዛት። መሰኪያው የሚችለው ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 180 ዋት ስለሆነ አየር ለማሞቅ አይበቃም፤ ከዚያ በላይ ከጎተተ ፊውዝ ያቃጥላል። በዚያው መሰኪያ የሚሠራ ባለ 50 ዋት የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ግን፣ ሰውነትን ስለሚያሞቅ፣ ገንዘቡ የማይቆጭ ዕቃ ነው።

የማሞቂያውን ብልሽት ከብርዱ ጋር ማምታታት። ማራገቢያው እየሠራ ከግማሽ ሰዓት በኋላም የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ፣ አንዱ መውጫ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ፣ ወይም የፍጆታ ስክሪኑ ማሞቂያው ምንም ኃይል እንደማይወስድ ካሳየ ብልሽት አለ። እርስዎ ማየት የሚችሉት ኮፈኑን ከፍተው ሙቀት የሚያመላልሰው ፈሳሽ በሚጠራቀምበት ዕቃ ላይ የተሰመረውን የፈሳሽ መጠን ነው፤ ከዝቅተኛው መስመር በታች ከሆነ ውሃ አይጨምሩበት፣ መመሪያ መጽሐፉ የሚያዘውን ፈሳሽ ብቻ ይጠቀሙ ወይም ለባለሙያ ያሳዩት። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶችና የተገናኙበትን ማንኛውንም ሳጥን ግን አይንኩ፤ በውስጣቸው የሚያልፈው ብዙ ጊዜ 400 ቮልት አካባቢ፣ በአንዳንድ መኪኖችም 800 ቮልት የሚደርስ ኃይል ነውና።